ሰዎች የሚጭኑት ፋይል በእርግጥ ምን እንደሆነ ሰርቨራችሁ ላይ እንዴት ነው የምታውቁት?

የጓሮ_ኮድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ተጠቃሚዎች ፋይል የሚጭኑበት ሲስተም እየሠራን ነው። የምንቀበለው ፎቶ፣ ፒዲኤፍ፣ የዎርድ ዶክመንት፣ የኤክሴል ሰንጠረዥና ሲኤስቪ (አምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) ብቻ ነው። አሁን ያለው ኮድ ብሮውዘሩ ከፋይሉ ጋር የሚልከውን የኮንቴንት-ታይፕ ሄደር፣ ማለትም «ፋይሉ ይህ ዓይነት ነው» የሚለውን መስመር፣ አይቶ ይወስናል። ሰሞኑን ሁለት ነገር አስቸገረን።

አንደኛው ሲኤስቪ ነው። ደህና ሲኤስቪ የላኩ ሰዎች «ይህ ዓይነት ፋይል አይፈቀድም» ይባላሉ። ሎጉ ላይ ሄደሩ ቴክስት/ሲኤስቪ ሳይሆን የኤክሴል ዓይነት ሆኖ ይታያል። ደግሞ ሁሉም ሰው ላይ አይደለም። አንዱ ጋ ይሠራል፣ ሌላው ጋ እምቢ ይላል።

ሁለተኛው፣ ሄደሩን ትተን ይዘቱን የሚያነብ ላይብረሪ ስንሞክር የመጣ ነው። የዎርድና የኤክሴል ፋይሎች በሙሉ አፕሊኬሽን/ዚፕ ተብለው ተመለሱ። ሲኤስቪው ቴክስት/ፕሌን ሆነ።

ታዲያ የትኛውን ልመን? ኤክስቴንሽኑን (የፋይሉን ስም መጨረሻ)፣ ሄደሩን ወይስ ይዘቱን? ሦስቱንም አደባልቃችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ ሲጋጩ ምን ታደርጋላችሁ?

ሎግ_አንባቢ፦

የሲኤስቪው ነገር የታወቀ ነው። ብሮውዘሩ ፋይሉን ከፍቶ አያይም። ኤክስቴንሽኑን ይዞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል፣ የተባለውን ይልክልሃል። ዊንዶውስ ላይ ኤክሴል የተጫነ ከሆነ የሲኤስቪ ኤክስቴንሽን በሬጂስትሪው ውስጥ ከኤክሴል ዓይነት ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ያው ፋይል፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ቴክስት/ሲኤስቪ ሆኖ፣ ከሌላው ደግሞ ኤክሴል ሆኖ ይመጣል። አንዳንዴ ባዶ ሆኖ፣ ወይም አፕሊኬሽን/ኦክቴት-ስትሪም (ዓይነቱ ያልታወቀ ባይት) ሆኖ የሚመጣበትም አለ።

ይህ እንግዲህ ክፉ ሐሳብ የሌለው ሰው ሲልክ ነው። ክፉ ያሰበው ደግሞ ሄደሩን በእጁ ነው የሚጽፈው። በአጭሩ ሄደሩ ከላኪው የመጣ ወሬ ነው። ሎግ ላይ አስቀምጠው፣ ውሳኔ ግን አትስጥበት።

ባይት_በባይት፦

ሎግ_አንባቢ ያለው ልክ ነው። ኤክስቴንሽንም ቢሆን ከላኪው የመጣ ነው፣ ያው ወሬ። በዚያ ላይ አንድ ኤክስቴንሽን ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል። «ቲኤስ» የሚለውን ውሰድ። ታይፕስክሪፕት ኮድ ሊሆን ይችላል፣ ኤምፔግ የቪዲዮ ስትሪምም ሊሆን ይችላል። ስሙን ብቻ የሚያይ ሰርቨር ኮዱን ቪዲዮ ብሎ ይልከዋል። ይህ በእውነት ብዙ ሰው ያደከመ ነገር ነው።

ወደ ይዘቱ ስንመጣ፣ ብዙ የፋይል ዓይነቶች መጀመሪያቸው ላይ የታወቁ ባይቶች አሏቸው፣ ፊርማ ይባላሉ። በቁጥር ልጻፋቸው፦

ፒኤንጂ፦ 137 80 78 71 13 10 26 10
ጄፔግ፦ 255 216 255
ዚፕ፦ 80 75 3 4
የድሮው የዎርድና የኤክሴል ፋይል፦ 208 207 17 224 161 177 26 225

የፒኤንጂው በጣም የታሰበበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያው 137 ከ127 በላይ ስለሆነ ፋይሉ ጽሑፍ ነው ተብሎ እንዳይሳሳቱበት ያደርጋል፤ ስምንተኛውን ቢት የሚያጠፋ መስመር ካለፈም ወዲያው ይታወቃል። 13 እና 10 የመስመር መጨረሻ ምልክቶች ናቸው። መንገድ ላይ አንድ ፕሮግራም ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ የመስመር መጨረሻውን ከቀየረው ፊርማው ይበላሻል፣ አንባቢውም ያውቃል። ሁሉም ፎርማት እንዲህ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ባልተነጋገርን ነበር።

ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም። የታር ፋይል ምልክት ያለው 257ኛው ባይት ላይ ነው (ቦታዎቹን ሁሉ ከዜሮ ጀምሬ ነው የምቆጥረው)። የአይኤስኦ 9660 የዲስክ ቅጂ ምልክት ደግሞ 32769 ላይ። መጀመሪያውን ብቻ የሚያይ ኮድ እነዚህን ፈጽሞ አያገኛቸውም። ፒዲኤፍ መጀመሪያው ላይ መጀመር አለበት ቢባልም አክሮባት ምልክቱን በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ የትም ቢያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ይከፍተዋል።

ሌላው ችግር የጋራ መያዣ ነው። የአዲሶቹ ዎርድ፣ ኤክሴልና ፓወርፖይንት ፋይሎች፣ የጃቫ ጃር፣ የአንድሮይድ ኤፒኬ፣ ኢፐብ፣ ሁሉም ውስጣቸው ዚፕ ነው። ስለዚህ ላይብረሪህ ዚፕ ሲልህ አልዋሸህም። ግማሹን ነው የነገረህ። ኤምፒ4፣ ሞቭ፣ ሄይክ እና ኤቪፍም እንዲሁ አንድ ዓይነት መያዣ ውስጥ ነው ያሉት። አራተኛው ባይት ላይ «ኤፍቲዋይፒ» የሚል ምልክት አለ፣ የሚለያቸው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የአራት ፊደል መለያ ነው። ብዙ የካሜራ ጥሬ ፎቶዎች ደግሞ መልካቸው ቲፍ ነው።

እንዲያውም ምንም የማይገናኙ ሁለት ዓይነቶች አንድ ፊርማ የሚይዙበት አለ። የጃቫ ክላስ ፋይልና የማክ ባለብዙ ፕሮሰሰር ፕሮግራም ሁለቱም በ202 254 186 190 ይጀምራሉ። የሚለዩት በሚቀጥለው ቁጥር ነው። አንዱ ጋ የቨርዥን ቁጥር ነው፣ ቢያንስ 45። ሌላው ጋ ስንት ፕሮሰሰር እንደሚደግፍ ነው፣ ትንሽ ቁጥር።

ንብ22፦

ይህን ሁሉ ራስህ መጻፍ የለብህም ወንድሜ። ሊብማጂክን ጥራው፣ የ«ፋይል» ትእዛዝ የሚጠቀምበት ላይብረሪ ነው፣ አለቀ። ትእዛዙ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒክስ ላይ ያለ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሕጎች ተሰብስበውበታል። ጃቫ ከሆንክ ደግሞ አፓቺ ቲካ አለልህ፣ ስምን፣ ይዘትንና መያዣን አንድ ላይ ያያል። የተፈታ ችግር ነው።

ቁልፍ_ያዥ፦

ንብ22፣ ላይብረሪዎቹ ጥሩ ናቸው፣ እኔም እጠቀማለሁ። «የተፈታ ችግር» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ችግሩ ላይብረሪው ላይ አይደለም፣ ጥያቄው ላይ ነው።

የጓሮ_ኮድ የጠየቀው «ይህ ፋይል ምንድነው?» ብሎ ነው። ሰርቨር ለዚህ ጥያቄ እርግጠኛ መልስ ሊያገኝ አይችልም፣ ምክንያቱም አንድ ፋይል በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጊፋር የተባለው ጥቃት የታየው በዚሁ ነው። ጊፍ ከመጀመሪያው ወደ ፊት ይነበባል። ዚፕ ግን ዝርዝሩ ያለው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከኋላ ነው የሚነበበው። ጊፍና የጃቫ ጃር አንድ ላይ ብትቀጥላቸው ለፎቶ አንባቢው ደህና ፎቶ ነው፣ ለጃቫ ደግሞ የሚሮጥ ፕሮግራም። «ምንድነው?» ብለህ ብትጠይቅ ሁለቱም መልስ እውነት ነው።

መመለስ የሚቻለው ጥያቄ ሌላ ነው። «ይህ ፋይል እኔ ከምቀበላቸው ከአምስቱ እንደ አንዱ ሆኖ በትክክል ይከፈታል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ይህ ጠባብ ጥያቄ ነው። መልሱም አዎ ወይም አይደለም ነው። የሚመልሰውም የመጀመሪያዎቹ ባይቶች ሳይሆኑ ያንን ፎርማት በእርግጥ የሚያነበው ኮድ፣ ፓርሰሩ፣ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ኢሜጅትራጂክ የተባለው የኢሜጅማጂክ (ፎቶ የሚቀይር ፕሮግራም) ቀዳዳ ሲወጣ ያየነው ይህንኑ ነበር። ሰዎች ስሙ ጄፒጂ የሚል ፋይል ይጭናሉ። ውስጡ ግን ፎቶ ሳይሆን ኤምቪጂ የሚባል፣ በጽሑፍ የተጻፈ የስዕል ትእዛዝ ነው። ኢሜጅማጂክ ስሙን አላመነም፤ ይዘቱን አየ፣ «ይህማ ኤምቪጂ ነው» አለ፣ እንደዚያው ከፈተው። ሰርቨሩ ላይ የፈለጉትን ትእዛዝ ማስኬድ ቻሉ። አያችሁ፣ እዚህ ጋ ይዘትን ማየቱ ራሱ ነው በር የከፈተው። ፕሮግራሙ «ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ያገኘውን መልስ ሁሉ ተቀበለ። «ጄፔግ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቆም ነበር።

ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው። ኤክስቴንሽኑ ላኪው ምን እንዳለ ይንገርህ። የተፈቀደ ዝርዝርህ ውስጥ አለ? ከሌለ መልሰው። ካለ፣ የመጀመሪያዎቹ ባይቶች ከዚያ ዓይነት ጋር ይስማማሉ? ካልተስማሙ መልሰው። ከተስማሙ በዚያ ዓይነት ፓርሰር ብቻ ክፈተው፣ ራሱ የሚመርጥ ፓርሰር አትጠቀም። እዚህ ከደረሰ ዓይነቱን አንተ ራስህ ጻፍለት። ከዚያ በኋላ ዓይነቱ የሰርቨርህ ቃል ነው፣ የላኪው አይደለም።

የጓሮ_ኮድ፦

ቁልፍ_ያዥ እናመሰግናለን፣ ይህ ጥያቄውን ራሱን ቀየረልኝ። ሲጋጩ ማንን ልመን እያልኩ ነበር የምጨነቀው። አንቺ እንዳልሽው ከሆነ ሲጋጩ ማንንም አላምንም፣ እመልሰዋለሁ።

ሁለት ነገር ግን አልጠራልኝም። የዎርድና የኤክሴልን ፋይል ዚፕ ከመሆን አልፌ እንዴት ልለያቸው? ደግሞስ ሲኤስቪ ምንም ፊርማ የለውም፣ እሱስ በምን ይረጋገጣል?

ባይት_በባይት፦

ዎርድና ኤክሴል ውስጥ ገብተህ ማየት አለብህ። ዚፑ ውስጥ ዓይነቶችን የሚዘረዝር ኤክስኤምኤል ፋይል አለ፣ ስሙ በካሬ ቅንፍ ውስጥ «ኮንቴንት ታይፕስ» ይላል። እሱን አንብብ። ዋናው ክፍል የዎርድ ዶክመንት ነው ወይስ የኤክሴል ወርክቡክ፣ እዚያ በግልጽ ተጽፏል። ማክሮ (ዶክመንቱ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም) ያለበት መሆኑም እዚያው ይታወቃል። ማክሮ የማትቀበል ከሆነ ይህችን መስመር እንዳታልፋት። ኤክስቴንሽኑን ከማየት እጅግ የተሻለ ነው።

አንዳንድ ላይብረሪዎች ዚፑን ሳይከፍቱ የመጀመሪያዎቹን የውስጥ ፋይሎች ስም አይተው ዎርድ ነው ብለው ይገምታሉ። ፋይሉን ማይክሮሶፍት ኦፊስ ከጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ሌላ ፕሮግራም በሌላ ቅደም ተከተል ከጻፈው ግን ተመልሶ ዚፕ ይሆናል። ያንተም ላይብረሪ በዚህ ወይም ትንሽ ባይት ብቻ ስለተሰጠው ሊሆን ይችላል።

ኢፐብና ኦፕን ዶክመንት በዚህ በኩል የተሻለ አስበዋል። ዚፑ ውስጥ የመጀመሪያው ፋይል «ማይምታይፕ» የሚባል መሆን አለበት፣ ሳይጨመቅ። የዚፕ ሄደር 30 ባይት ስለሆነ ስሙ 30ኛው ባይት ላይ ይጀምራል፣ ዓይነቱ ራሱ ደግሞ 38ኛው ላይ። ምንም ሳትፈታ ታነበዋለህ።

ዚፕ ስትከፍት ግን ገደብ አድርግ። የፋይሎቹን ብዛት፣ ሲፈቱ የሚሆኑትን ጠቅላላ መጠን፣ ሁለቱንም ወስን። ትንሽ ሆኖ መጥቶ ሲፈታ ሚሞሪ የሚጨርስ ዚፕ መሥራት ቀላል ነው። በዚፑ ዝርዝር ላይ የተጻፈውን መጠን አትመን፣ እየፈታህ ቁጠር።

ሎግ_አንባቢ፦

የሲኤስቪውን እኔ ልመልስ። ሲኤስቪ «አይታወቅም»፣ ይነበባል ወይ ብቻ ነው የሚባለው። መጀመሪያ በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የፊደላት አጻጻፍ ወደ ባይት) ይፈታ። ካልተፈታ መልሰው ወይም ኢንኮዲንጉን (የፊደሎቹን አጻጻፍ) ላኪው እንዲመርጥ አድርግ። መጀመሪያው ላይ 239 187 191 ካገኘህ እሱ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ነው፣ አውጣውና ቀጥል። ያለዚያ የመጀመሪያው አምድ ስም ላይ ተጣብቆ «አምዱ የለም» የሚል ስህተት ያመጣብሃል። 255 254 ካገኘህ ደግሞ ዩቲኤፍ-16 ነው። ዩቲኤፍ-16 ሳይሆን ዜሮ ባይት ካለበት ጽሑፍ አይደለም። ከዚያ የምትጠብቃቸው አምዶች አሉ? እያንዳንዱ ረድፍ የአምዱ ቁጥር ልክ ነው? ካለፈ ሲኤስቪ ነው፣ ላይብረሪው ቴክስት/ፕሌን ቢልህም።

ጄሰንም፣ ያምልም እንዲሁ ነው። ጽሑፍ የሆነ ነገር ሁሉ ከላይ ሲያዩት አንድ ነው።

ቀስ_በቀስ፦

ማንም ያላነሳውን ልጨምር። ከቋንቋው ጋር የሚመጡት ፈንክሽኖች ስማቸው ከሚሠሩት ይበልጣል።

ጎ በሚባለው ቋንቋ ላይ ያለው «ዲቴክት ኮንቴንት ታይፕ» ቢበዛ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ነው የሚያየው። የተሠራውም ብሮውዘሮች በሚጠቀሙበት የይዘት መገመቻ ስታንዳርድ ነው። ዎርድ ብትሰጠው ዚፕ ይላል፣ ሲኤስቪ ብትሰጠው ቴክስት/ፕሌን። ካልገባው ኦክቴት-ስትሪም ይመልሳል፣ ስህተት አይመልስም። ይህንን ልብ በሉ።

ፓይተን ላይ «ማይምታይፕስ» የሚባለው ሞጁል ፋይሉን ጨርሶ አይከፍትም። ስሙን ብቻ ነው የሚያየው። የፎቶ ዓይነት የሚለየው «ኢምግኤችዲአር» ደግሞ ከፓይተን 3.13 ጀምሮ ወጥቷል፣ አሁንም የሚጠቀም ኮድ ካላችሁ ስታሻሽሉ ይቆማል።

ጃቫ ላይ «ፕሮብ ኮንቴንት ታይፕ» በአብዛኛው ኤክስቴንሽን ላይ ነው የሚመረኮዘው። መልሱም ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊለያይ ይችላል። ላፕቶፕ ላይ ያለፈ ቴስት ሰርቨር ላይ ሲወድቅ የዚህ ነገር ሊሆን ይችላል።

ፒኤችፒ ላይ ከተጫነው ፋይል ጋር የሚመጣው «ታይፕ» የላኪው ሄደር ነው፣ ሌላ አይደለም። ይዘቱን የሚያየውን ፋይል ኢንፎን ተጠቀሙ። «ጌት ኢሜጅ ሳይዝ» ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም፣ ራሱ የፒኤችፒ ሰነድ ለዚህ እንዳትጠቀሙበት ይላል።

አንድ ሌላ ነገር። ፋይሉ እንደ ስትሪም ከሆነ የሚመጣው፣ ለማየት ያነበባችኋቸው ባይቶች አለቁ ማለት ነው። መልሳችሁ ከፊት ካልቀጠላችኋቸው የሚቀመጠው ፋይል አናቱ የተቆረጠ ይሆናል። ዓይነቱ ትክክል፣ ፋይሉ ግን የማይከፈት። ጊዜያዊ ቦታ ላይ ጽፎ ከዚያ መመርመር ይቀላል።

ንብ22፦

ቁልፍ_ያዥ፣ ነጥብሽ ገብቶኛል። ግን ሁሉም ሰው አምስት ዓይነት ብቻ አይቀበልም። ማንኛውንም ፋይል የሚያስቀምጥ አገልግሎት ቢሆንስ? እዚያ የተፈቀደ ዝርዝር አይሠራም። ጉግል በ2024 እ.ኤ.አ. ማጂካን በነጻ ለቋል፣ በማሽን ለርኒንግ ይዘቱን አይቶ ይለያል። በተለይ ጽሑፍ የሆኑትን፣ ሲኤስቪውን፣ የኮድ ፋይሉን፣ ከድሮው ሊብማጂክ የተሻለ ይለያቸዋል።

ቁልፍ_ያዥ፦

እውነት ነው፣ ማጂካ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ ነው። ፋይሉን ወደ የትኛው መርማሪ ልላከው፣ የትኛውን አይኮን ላሳይ፣ ፍለጋ ውስጥ በምን ልመድበው ለሚለው እሱም ሊብማጂክም ይሆናሉ። ቢሳሳቱ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። ፈቃድ መስጫ አታድርጋቸው ነው የምለው። ግምት በጣም ጥሩ ቢሆንም ግምት ነው፣ አጥቂው ደግሞ የሚፈልገው የምትሳሳትባትን አንዷን ፋይል ነው።

ማንኛውንም ነገር የምትቀበል ከሆነ ደግሞ መከላከያው መቀበያው ላይ ሳይሆን መላኪያው ላይ ነው። ሁሉንም ኦክቴት-ስትሪም ብለህ፣ በአታችመንት (የሚወርድ እንጂ የማይታይ) መልክ ላከው፣ ብሮውዘሩ እንዳይከፍተው። «ኤክስ-ኮንቴንት-ታይፕ-ኦፕሽንስ» በሚለው ሄደር «ኖስኒፍ» በል፣ ብሮውዘሩ ራሱ እንዳይገምት። ፋይሎቹንም ከዋናው ሳይት በተለየ ዶሜይን አስቀምጥ፣ አንድ ኤችቲኤምኤል ቢያመልጥህ የተጠቃሚዎችህን ኩኪ እንዳያገኝ።

ኤስቪጂን ለብቻው ላንሳው። ፎቶ ይመስላል፣ ዓይነቱም «ኢሜጅ» ይላል፣ ግን ኤክስኤምኤል ነው፣ ውስጡ ጃቫስክሪፕት ሊኖር ይችላል። ትክክለኛ ኤስቪጂ መሆኑን ማረጋገጥ ምንም አይጠቅምህም፣ አደገኛውም ትክክለኛ ነው። «ኢሜጅ/» በሚል የሚጀምረውን ሁሉ የሚያሳልፍ ኮድ ካላችሁ ዛሬውኑ ፈልጉት።

ፎቶዎችን ደግሞ ፈትታችሁ እንደገና ጻፏቸው። ጄፔጉን ወደ ፒክሰል ፍቱ፣ አዲስ ጄፔግ ጻፉ። ጅራቱ ላይ የተቀጠለ ዚፕ ካለ ይቀራል። ሰው ሳያውቅ የላከው የቦታ መረጃም አብሮ ይጠፋል። የፎቶ ፈቺው ሥራ ለየት ባለ፣ ሥልጣን በሌለው ፕሮሰስ ውስጥ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል። ከመፍታታችሁ በፊት ስፋትና ቁመቱን አይታችሁ ገደብ አድርጉ።

ሎግ_አንባቢ፦

ስለ ስያሜ አንድ ነገር፣ ይህ ደጋግሞ ስለሚያጋጥም። ያው ዓይነት ብዙ ስም አለው። ኢሜጅ/ጄፒጂ የሚባል የተመዘገበ ዓይነት የለም፣ ትክክለኛው ኢሜጅ/ጄፔግ ነው፣ ግን የሚልኩት ሞልተዋል። ዚፕም አንዳንዴ «ኤክስ-ዚፕ-ኮምፕረስድ» ሆኖ ይመጣል። ጃቫስክሪፕት በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 4329 (የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ) ላይ ቴክስት/ጃቫስክሪፕት ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ነበር፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 9239 ደግሞ ተገልብጦ ትክክለኛው እሱ ሆነ። የላይብረሪ ቨርዥን ስትቀይር ስሙ ሊቀየር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ኮድህ ውስጥ የስም ሕብረቁምፊ እያወዳደርክ አትሂድ። የራስህን አምስት ዓይነቶች በራስህ መለያ ያዝ፣ የውጭ ስሞችን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ወደ እነሱ መልስ።

የጓሮ_ኮድ፦

በጣም ነው የማመሰግነው፣ ሁላችሁንም። እንዲህ ወስነናል። ሄደሩ ወደ ሎግ ብቻ ይሄዳል። ኤክስቴንሽን ከዝርዝሩ ጋር፣ ከዚያ የመጀመሪያ ባይቶች፣ ከዚያ የየራሱ ፓርሰር። ጄፔግና ፒኤንጂ እንደገና ይጻፋሉ። ዎርድና ኤክሴል የውስጥ ዝርዝራቸው ይነበባል፣ ማክሮ ያለበት ይመለሳል። ሲኤስቪ በአምዶቹ ይፈተናል። የስህተት መልእክቱንም እናሻሽላለን፤ «አይፈቀድም» ከማለት «ስሙ ፒዲኤፍ ይላል፣ ውስጡ ግን ፒዲኤፍ ሆኖ አልተከፈተም» እንላለን። ሰው ፋይሉ ተበላሽቶ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። እስካሁን በሄደሩ አምነን ያስቀመጥናቸው ብዙ ፋይሎች አሉ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ዓይነታቸው የላኪው ቃል ነው። ምን ይደረጋሉ?

ቀስ_በቀስ፦

በአዲሱ መንገድ እንደገና አሳልፋቸው፣ ግን የድሮውን ዓይነት አታጥፋው፣ አዲስ አምድ ጨምርለት። ያለፉት አዲሱን ዓይነት ይያዙ። ያላለፉትን አትሰርዝ፣ የሰው ንብረት ናቸው። ኦክቴት-ስትሪም አድርገህ በአታችመንት ብቻ እንዲወርዱ አድርግ። ከየትኛው ላይብረሪ ቨርዥን ጋር እንደተመረመሩም ጻፍ፣ ፓርሰሩ ሲሻሻል የትኞቹን ደግመህ እንደምታይ ታውቃለህ። ይህ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ግን «ኖስኒፍ»ን ዛሬ ማታ አስገባው፣ አንድ መስመር ነው።

ቁልፍ_ያዥ፦

«ኖስኒፍ»ን ከማስገባትህ በፊት የራሳችሁን ስክሪፕቶችና የሲኤስኤስ ፋይሎች በትክክለኛ ዓይነት እየላካችሁ መሆኑን እይ። በቴክስት/ፕሌን የሚላክ ስክሪፕት ካለ ብሮውዘሩ ማስኬድ ያቆማል። መጀመሪያ መሞከሪያው ሰርቨር ላይ አድርገው፣ የብሮውዘሩን ኮንሶል ተመልከት፣ ከዚያ ወደ ዋናው አሳልፈው።